ስላልተቆጣው መንጋጋዬ ለዶክተር ሊቤ

ሰበታ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ሊቤ ቦጂያ
የመንጋጋ ከረጢት ጥናት ቡድን መሪ
ስሙን ባልጠራውም እርስዎ ለማያጡት ሆስፒታል
አዲስ አበባ

የተከበሩ ዶክተር ሊቤ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ራስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጥርስዎና ድድዎ፣ ከሁሉም በላይ መንጋጋዎ ደህና ነው? በእኛ በሰበታ ሰው ከሰው ሲገናኝ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን አንድ በአንድ ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳዩ አይገባምና፣ ወጉን እንዳላጎድል፣ በጠርሙስ ያስቀመጧቸው ቁራጮችስ ደህና ናቸው? ቀለም ውስጥ ነክራችሁ በመስታወት ላይ ያስተኛችኋቸው የበሽታ ተከላካይ ሴሎችስ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ? ከባለቤቶቻቸው አስቀድሜ ስለ እነርሱ መጠየቄ እርስዎም ሁልጊዜ የሚያደርጉት እንደዚሁ ስለሆነ ነው።

ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም። ሬሐና ሐምዱ እባላለሁ፤ ሰበታ ገበያ ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ፤ በእናንተ መዝገብ ላይ ግን ቁጥር ሠላሳ አንድ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከቀኝ የታችኛው መንጋጋዬ ውስጥ ሐኪሞች ሲስት የሚሉትን፣ እኛ ከረጢት የምንለውን ነገር አውጥታችሁልኝ ነበር። አሁን ተመልሷል፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አልመጣም፣ ከአጥንቴ ብዙ ወስዶ ነው የመጣው። የፊታችን ማክሰኞ እንደገና ልትከፍቱኝ ቀጠሮ ሰጥታችሁኛል፤ በቀጠሮ ወረቀቴም ላይ ልክ እንደ በፊቱ የተቆጣ ተራ ከረጢት መሆኑና ተጠርጎ እንደሚወጣ ተጽፏል። እኔ ደግሞ እንደ በፊቱ ከተጠረገ እንደ በፊቱ ይመለሳል፣ ለሦስተኛው ጊዜ የሚጠረግ መንጋጋ ግን አይኖረኝም ብዬ ሰግቻለሁ። ይህንኑ የሚገልጹ ሁለት ደብዳቤዎች ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብቼ ነበር። መዝገብ ቤታችሁ የገባ የማይወጣበት ቤት ስለሆነ፣ ይኸው በጋዜጣ መጣሁ።

እርስዎ ነገርን በቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ወርቅቱ። ወርቅቱ ጂሬኛ የፉሪ ገበሬ ሚስት ናት፤ በገበያ ቀን ሱቄ ደጃፍ ላይ ቅቤና አይብ ስትሸጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእኔ ጥላ ተቀምጣ ከእኔ በላይ ሰው ሰላም የሚላት፣ የእኔ ደንበኛ ሳይቀር ጨርቅ ሳይነካ በፊት ጎንበስ ብሎ የሚስማት ሴት ናት። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የእሷ ጉንጭ እንደ ተነፋ ፊኛ አበጠ፤ እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ የኋላ ጥርሴ ዘመም አለብኝ፣ ሕመም የለው፣ እብጠት የለው። የሰበታው ክሊኒክ ሁለታችንንም ራጅ አንስቶ ወደ እናንተ ጻፈልን። በአንድ ታክሲ መጣን፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን፣ በአንድ ቀን ከሁለታችንም ለናሙና ቁራጭ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ግን እሷ ሙሽራ ሆነች፤ እኔ ሚዜ እንኳ አልሆንኩም።

የእሷ ከረጢት ከበሰበሰ ጥርስ ሥር የበቀለ ነበር አሉ። ተህዋስያኑ ከሞተው ጥርስ ሥር ሲሰርጉ የሰውነቷ ተከላካይ ሴሎች ከያሉበት ተጠራርተው ደርሰው፣ የከረጢቱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በእነርሱ ሞልቷል። እርስዎም ተማሪዎችዎን ሰብስበው ተራ በተራ በማይክሮስኮፑ አሳዩዋቸው፤ ከዚያ ወጥተው በኦሮምኛ አካም ጂርታ ብለው ትከሻዋን ነኩና እንዲህ ያለ ናሙና ካዩ ብዙ ጊዜ እንደሆነዎት ነገሯት። እሷም እንደ ምርቃት ቆጥራው ኩራቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ቦርሳዋን ይዤላት ነበር።

ቀናሁ። እደብቃለሁ ብዬ አልደክምም፣ ሰበታ በሙሉ ያውቀዋል። ሰው በቤት ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፣ በባል ይቀናል፤ በጎረቤቷ እብጠት የቀናች የመጀመሪያዋ ሴት ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኔ ግን ወላሂ ያን ቀን የሰው መግል አምሮኝ ነበር።

2ኛ. ስለ መስፈርት። ለእኔ እርስዎ አልወጡም፤ ረዳትዎ በሩን ገርበብ አድርጎ የእኔ ከረጢት ግድግዳው ቀጭን እንደሆነ፣ ጸጥ ያለ እንደሆነ፣ ተከላካይ ሴል በጭራሽ የለበትም ለማለት ጥቂት እንደሚቀረው፣ ስለዚህም የተቆጣ ከረጢት ብቻ የሚፈልገውን የብግነት ጥናት መስፈርት እንደማላሟላ ነገረኝና በመደበኛው ወረፋ ዘጠኝ ወር እንድጠብቅ አዘዘኝ። በሕይወቴ ያላሟላሁት መስፈርት ብዙ ነው፤ ለበሽታ አንሳለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ዝም አይነቅዝም ብላ ያሳደገችኝ እናቴ በመቃብሯ ትሰማኝ ከሆነ፣ ዝም ያለው በውስጤ እየነቀዘ መሆኑን ልነግራት እወዳለሁ።

ከዚሁ ጋር የእንግሊዝኛ ወረቀት በፖስታ አድርጎ ለወረፋው ቀን ይዤው እንድመጣ ሰጠኝ። በእናንተ ቤት ደንብ ውጤት ተሸካሚው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ ካርዱን ከክፍል ክፍል፣ ራጁን ከፎቅ ፎቅ፣ ውጤቱን ከዓመት ዓመት የምናመላልሰው እኛው ነን። ሕመምተኛን እንዲህ የሚያምን ሆስፒታል በማየቴ ያኔም አድንቄያለሁ፣ ዛሬም አደንቃለሁ።

3ኛ. ወርቅቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት።

4ኛ. ስለ ስልኩ። ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ የጥናቱ ነርስ በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር፤ ምን በላሽ፣ እንዴት አደርሽ፣ ስፌቱ ደርቋል ወይ። ስልኩ ሁልጊዜ የሚጮኸው በገበያ ቀን፣ ያውም ሱቄ ደጃፍ ላይ ነው። እሷም ቅቤውን ትታ ብድግ ትልና፣ ነጋ ዳ፣ ፈያ ዳ እያለች ተጂ ከተማ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ደህንነቷን ታውጃለች። ገበያው በሙሉ ዘወር ብሎ ያያታል። የኔን ጤንነት የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ጨርቁን በክንድ ለክቼ እስክጨርስ የቸኮለ ደንበኛ ብቻ ነበር። ይባስ ብላችሁ የሴሎቿን ፎቶ፣ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ የመሰለውን፣ በፍሬም አድርጋችሁ በኮሪደራችሁ ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁት። እኔ የሠርጌን ፎቶ የሚሰቅልልኝ አጥቼ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

5ኛ. በዚያው ዓመት በጥር ወር መጨረሻ የኔም መንጋጋ አበጠ። እንዴት እንዳበጠ ዝርዝሩ ለዚህ ደብዳቤ አስፈላጊ አይደለም። ወደ እናንተ ስመጣ ካርዴ ጠፍቶ ነበር፤ በካርድ መስኮቱ ጠፋብኝ አልኩ፣ ወዲያው አዲስ ካርድ ወጣልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቅሬታ ማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ከዕድሜዬ ደስ ካሉኝ ቀናት አንዱ ነበር። ስድስት ሐኪሞችና ቁጥራቸውን የማላውቀው ተማሪዎች በተራ አፌን አዩት። አዲስ ናሙና ተወሰደ፣ ተከላካይ ሴሎች ሞልተውበት ተገኘ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ሆንኩ። እርስዎ ራስዎ በባትሪ ብርሃን አይተው ግሩም ነው አሉ፤ አላህ ይማረውና ባለቤቴ በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ያላለኝን ቃል።

ቅሬታዬ ግን ይኸው ነው፦ ከዚያ ሁሉ ዓይን አንዱ እንኳ በጥርሴ ኋላ ያለውን፣ ራሳችሁ ከሁለት ወር በፊት ቆርጣችሁ የሄዳችሁበትን ጠባሳ አይቶ ይህ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። እናንተ የምታዩት ሴሉን ነው፤ ሴሉ የሚኖርባትን ሴትዮ ለማየት ማጉያችሁ ሳይበዛባት አልቀረም።

6ኛ. ስለ ጥናቱ ፍጻሜ። ከረጢቴ በየካቲት ተጠርጎ ወጣ፣ ነርሱ ለስድስት ወር ደወለልኝ፤ እኔም በገበያ ቀን ብድግ እያልኩ ከወርቅቱ በላይ ጮኼ መለስኩለት። ከዚያ ጥናቱ አለቀ። ወርቅቱ የተነቀለው ጥርሷና ከረጢቷ አብረው ስለሄዱ ድና ቀረች፤ ካርዷ ተዘጋ። ለእኔም የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ስልኩም ጸጥ አለ። ከረጢቱ ግን የጥናቱ ማብቂያ ቀን አልተነገረውም መሰለኝ፣ ሥራውን ቀጠለ። ያለ ሕመም፣ ያለ እብጠት፣ እንደ ልማዱ ውስጥ ውስጡን። ባለፈው ጥር የሰበታው ክሊኒክ ራጅ ሲያነሳኝ ወደ ጆሮዬ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ተገኘ። የታችኛው ከንፈሬ ግማሹ ደንዝዟል፤ በኢፍጣር ሰዓት ሾርባ ስጠጣ አገጬ ላይ ሲፈስ የማውቀው ሰው ሲስቅ አይቼ ነው። የክሊኒኩ ሐኪም በጠንካራ ነገር ላይ እንዳልነክስ አስጠንቅቆኛል፤ አጥንቱ ስለሳሳ በአንድ ንክሻ ሊሰበር ይችላል አለኝ።

7ኛ. ስለ ከድሩ። ከድሩ የሱሉልታ ሰው ነው፤ ያኔ ውጤታችንን በሰማንበት ቀን እንደ እኔው ጸጥ ያለ ተብሎ ከጥናቱ የተመለሰ። ማንም ትከሻውን አልነካውም፣ ማንም ግሩም አላለውም። ሰውዬው ግን እያጉረመረመም ቢሆን ዘጠኝ ወሩን ጠበቀ። ባለፈው ወር በካርድ መስኮታችሁ አገኘሁት። በወረፋው በተራው ገብቶ፣ ከረጢቱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አጥንት ጭምር ፍቃችሁ፣ መድኃኒት ቀብታችሁ፣ ጥንቅቅ አድርጋችሁ አውጥታችሁለታል። በየዓመቱም ራጅ እንዲነሳ ቀጠሮ አለው፤ የዘንድሮው ንጹሕ ሆኖ ወጥቶለት በእጁ ይዞት ነበር። ሲያወራኝ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ ነው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዶክተር ሊቤ፣ በወርቅቱ የቀናሁት ቅናት በከድሩ ከቀናሁት ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነበር። በእሷ የቀናሁት ለክብሯ ነው፤ በእሱ የቀናሁት ግን ለመንጋጋው ነው። እሱና እኔ አንድ ዓይነት ጸጥታ ይዘን መጥተን፣ ለእሱ የተደረገው ለእኔ ያልተደረገው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ መልሱን እርስዎ እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠብቃለሁ።

በመጨረሻም ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ጸጥ ብሎ የመጣን ሰው ጸጥ ብሎ እንዲሄድ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የጮኸ ቅድሚያ እንደሚያገኝ በታክሲ ተራና በዳቦ ሰልፍ የማውቀውን እውነት በሳይንስ ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ። የምስክር ወረቀቱን ሱቄ ውስጥ በክብር ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኞቼ በምን እንደተመረቅሁ ሲጠይቁኝ በብግነት ነው እላቸዋለሁ።

ሴሎችዎ ይብዙ፣ ጠርሙሶችዎ አይሰበሩ፤ ማክሰኞ ጠዋት በወንበርዎ ላይ አፏን ከፍታ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር የምትጠብቅዎ፣

የመስፈርቱ ጎዶሎ፣ የወረፋው ትርፍ፣
ሬሐና ሐምዱ
የቀድሞዋ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን እዚህ ጋ ጨርሼ ፈርሜ ነበር። ፈርሜም ወደ ጋዜጣው ልወስደው ስነሳ እህቴ ሚንሃ በሩ ላይ ቆመች። ሚንሃ ቡራዩ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ለኢድ ልብስ ጨርቅ ልትመርጥ መጥታ የሐር ጥቅሉን ስትፈታ ከውስጡ አንድ ፖስታ ወድቆ ነበር። አምስተኛውን ቅሬታዬን ሳታስተካክይ ይህ ደብዳቤ ከዚህ ቤት አይወጣም አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ ዝርዝሩ ይኸውና።

ካርዴ አልጠፋም። ያንን የረዳትዎን ፖስታ በሐሩ ውስጥ እንደሸሸግሁት ሁሉ፣ እሱንም ሱቄ ውስጥ ሸሽጌው ነበር። መንጋጋዬም በራሱ አላበጠም። ለናሙና የተቆረጠው ቦታ ገና አልተደፈነም ነበርና፣ ወርቅቱ በየሳምንቱ ስልኳን ታወራ በነበረበት ሰሞን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ጠቀጠቅሁበት። በላዩ ላይ ትኩስ ጨርቅ ደረብኩ፣ በዚያ በኩል ሽምብራ ቆረጠምኩ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረግሁ። በዘጠነኛው ቀን በመስታወት አይቼ ጉንጬ የወርቅቱን ሲያህል፣ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

ያ የእንግሊዝኛ ወረቀት ምን እንደሚል ያኔ አላውቅም ነበር፤ ያወቅሁት ብግነት የለም የምትለዋን መስመር ብቻ ነው፣ እሷው ናት ያበገነችኝ። ሚንሃ ግን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የኔ ከረጢት ጸጥ ብሎ አጥንት ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ፣ ተራ ጠረጋ ከተደረገለት የሚመለስ፣ ከዳር አጥንቱ ጋር በጥንቃቄ መውጣት ያለበት፣ ከዚያም ለብዙ ዓመት በራጅ መታየት ያለበት ዓይነት እንደሆነ በግልጽ ተጽፎበታል። ሚንሃ ያስተማራትን ሐኪም ደውላ ጠየቀችው፤ እንዲህ ያለው ከረጢት ሲቆጣ የግድግዳው መልክ ይጠፋል፣ በማይክሮስኮፕም ተራ ከረጢት መስሎ ይታያል አላት። እንግዲህ በፌጦ የጠራኋቸው ተከላካይ ሴሎች መጥተው የሸፈኑት የከረጢቴን ትክክለኛ ዓይነት ነው። ሚንሃ ስልኩን ዘግታ «የቀናሽው በሚድን በሽታ ነው፤ የደበቅሽው ደግሞ የራስሽን መዳኛ ነው» አለችኝ።

ጥፋቴን ለማንም አላካፍልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ካርዴ ግልባጭ፣ ስሜና የአባቴ ስም፣ ሰበታ ተብሎ፣ ከሁለተኛው በጥቂት መደርደሪያ ርቀት እናንተው ቤት ተቀምጧል። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ አንዲት ቃል ተናግራ ስድስት ሐኪም ካታለለች፣ እሷም ትፈር፣ ስድስቱም ይመካከሩ። ጥናትዎ በመጽሔት ታትሞ እንደወጣም ሰምቻለሁ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። ከእንግዲህ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ፣ እነዚያን ሴሎች የጠራቸው በሽታ ሳይሆን ፌጦ መሆኑን በግርጌ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ለወርቅቱም ነግሬያታለሁ። እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ቅቤዋን ወደ ጎን አድርጋ፣ ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ቦታዬን እለቅልሽ ነበር አለችኝ። ይቺን ሴት አሁንም አልችላትም። ማክሰኞ አብራኝ ትመጣለች፤ ወረቀቱን የምትይዘውም እሷ ናት፣ እኔ ወረቀት እንዳልሸከም ሚንሃ ከልክላኛለች። እንደምትወዷት አውቃለሁ፣ እንዳየችዎም አካም ጂርታ ልትልዎ ነው። እባክዎን ዶክተር፣ ሰላም ከማለትዎ በፊት ወረቀቱን ይቀበሏት።